ለስም ነው ወይስ ለሥራ?

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ያላበረ ድር ግን ዝንብም አይዝ። የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ተማሪዎች በቡድን ሆነው ለአንድ መሥሪያ ቤት የሚሠሩት የመመረቂያ ፕሮጀክት መልካም ነገር ነው። ነገር ግን አንዱ ሌሊቱን ሙሉ እየሠራ አራቱ ስማቸውን ብቻ ቢጽፉ፣ ይህ ደቦ ነው እንዴ?

በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንን፣ የነርስና የሳኒታሪያን ተማሪዎችን ባንድ ቡድን ጤና ጣቢያ እያወጣ ያሠለጥን ነበር። የየሙያው ሥራ የተለየ ስለሆነ በጓደኛ ጀርባ መደበቅ አይመችም።

እኛን ምን አገባን? አገባን እንጂ! በሆሳዕናም ይሁን በዱራሜ የተማሪ ውጤት መመዝገቢያ ፕሮግራም ቢሠራ፣ ነገ የምንጠቀምበት እኛው መምህራን ነን።

ስለዚህ ችግሩ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት ይምጣ። የእያንዳንዱ ድርሻ አስቀድሞ ይጻፍ፤ ነጥቡም በድርሻው ይሰጥ። ከምረቃው በኋላ መዝገብ ቤቱ ካልሠራበት ፕሮጀክቱ ወረቀት ሆኖ ቀረ ማለት ነው። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ሆሳዕና ነው። ተማሪዎቹ በራችንን ያንኳኩ፤ እኛም ችግራችንን ይዘን እንጠብቃቸው እንላለን።