ዓይኑ አብጦ ሳይዘጋ

ቦሬ ላይ ክረምት ሲገባ መንገዱ ጭቃ፣ ጠዋቱ ጉም ነው። ሞተሩ ግን አይቆምም፤ ነጂውም ከኋላ የተፈናጠጠውም ሄልሜት የላቸውም። የወደቀ ሰው ተሸክመው ሲመጡ ቤተሰቡ «ይተርፋል ወይ?» ይላል። እኛ ነርሶችም ትንፋሹን፣ ደሙን፣ ራሱን እንመለከታለን። ሕይወት ይቀድማል፤ በዚህ ክርክር የለኝም። ቅሬታዬ ከዚያ በኋላ ዓይኑን የሚያስታውስ ሰው መጥፋቱ ነው።

የተመታ ፊት በሰዓታት ውስጥ ያብጣል፤ የዓይኑ ቆብ ከተዘጋ ወዲያ ገልጦ ማየት ጭንቅ ነው። ከዓይን ኳስ ጀርባ ደም ከተጠራቀመ ደግሞ ዓይኑ ወደ ውጭ ይገፋል፣ ይጠጥራል፣ ብርሃኑ ይደክማል። ግፊቱ ካልተነፈሰ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ቢበዛ ሁለት ሰዓት ነው ተስፋው። አምቡላንስ ተጠርቶ፣ ሀገረ ሰላምንና አለታ ወንዶን አልፎ ሐዋሳ ሆስፒታል እስኪገባ ያ ጊዜ ያልቃል። የቆቡን ውጫዊ ጥግ ቆርጦ ግፊቱን ማስተንፈስ አጭር ሥራ ነው፤ በየአቅራቢያው ሆስፒታል ያሉ ጠቅላላ ሐኪሞች ሊሠለጥኑበት ይገባል።

ልጆች ላይ ነገሩ ይብሳል። በክርን ወይም በድንጋይ የተመታ ልጅ ዓይኑ ሳይቀላ ያስመልሰዋል፣ የልብ ምቱ ይቀንሳል፤ «ጭንቅላቱ ነው» ተብሎ ይተኛል። ወደ ላይ ተመልከት ቢሉት ግን አንዱ ዓይን አይከተልም፤ ጡንቻው በተሰነጠቀው አጥንት ተቆንጥጧል። ይህ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል።

ለተጎዳው ዓይን «ስቴሮይድ ይወጋ» የሚሉ አሉ። ራሱም ለተመታ ሰው ግን ይህ አደጋ ነው፦ በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመው፣ ከ10,000 በላይ የራስ ጉዳት ሕሙማንን ያካተተው ክራሽ የተባለ ጥናት ስቴሮይድ ሞትን እንደሚጨምር አሳይቷል። ፋሻውም ቢሆን ይታሰብበት፦ የፈነዳ ዓይንን አጥብቆ ማሰር ውስጡን ገፍቶ ያወጣዋል። የፕላስቲክ ኩባያ ቂጥ ቆርጦ፣ ጠርዙ አጥንቱ ላይ እንዲያርፍ አድርጎ መሸፈን ይሻላል።

ሐዋሳ ያለው ሐኪም የታካሚው ዓይን ገና ሲወድቅ ጠፍቶ ይሁን መንገድ ላይ እየደከመ መጥቶ የሚያውቀው እኛ ከጻፍንለት ብቻ ነው፤ ውሳኔውም በዚያ ይለያያል። ባልደረቦቼ፣ ሪፈር ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ጨምሩ፦ ቀኝ ዓይን ስንት ጣት በስንት ሜትር ቆጠረ፣ ግራውስ፣ በስንት ሰዓት። ቤተሰብም አምቡላንሱ ሳይነሳ ያ መስመር መጻፉን ይጠይቅ።