ሕፃናትና የአዋቂዎች ጠብ

«ጠላቴ» የሚለውን ቃል ሕፃን ከማን ይማረዋል? ይህን ጥያቄ እናቶች እንድናስብበት የሚያደርግ አንድ ዘጋቢ ፊልም አለ። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው «ፕሮሚሰስ» (ቃል ኪዳኖች) የተሰኘው ይህ ፊልም በኢየሩሳሌምና በአካባቢዋ የሚኖሩ ሰባት የእስራኤልና የፍልስጥኤም ልጆችን ያሳያል። ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 13 ዓመት ነው።

ልጆቹ የሚኖሩት ተቀራርበው ነው። ይሁን እንጂ የወታደር ኬላ ስለሚለያያቸው፣ አንዱ ስለ ሌላው የሚያውቀው በአብዛኛው ከአዋቂዎች የሰማውን ነው። ከእስራኤል ወገን የሆኑ መንታ ወንድማማቾች ግን በቤተልሔም አጠገብ በደሄይሼ የስደተኞች መጠለያ ከሚኖር ልጅ ጋር በስልክ ተነጋግረው ሊጠይቁት ሄዱ። አብረው በሉ፤ ተጫወቱ። በመጨረሻም የመጠለያው ልጅ ወዳጅነታችን ይረሳል ብሎ አለቀሰ። ሥጋቱ ከንቱ አልነበረም። ኬላውን እንደ ልብ ማለፍ ባለመቻሉ፣ ልጆቹም በየኑሯቸው በመጠመዳቸው ግንኙነቱ እየላላ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ ግጭቱ እንደገና ተቀሰቀሰ።

እንግዲህ የአንድ ቀን ጨዋታ ኬላ አያፈርስም። ቢሆንም እነዚያ ልጆች ጥላቻን ይዘው እንዳልተወለዱ አሳይቷል። እኛ እናቶች ድንበር የማንሣት ሥልጣን የለንም፤ በገበታ ዙሪያ ስለ ጎረቤታችንና ስለ ሌላው ወገን የምንናገረው ግን በእጃችን ነው። ልጆች የማይሰሙ እየመሰለን በቡና ላይ የምንወረውረው ቃል ነገ በትምህርት ቤት ግቢ ይደገማል።

ስለዚህ ልጃችን «እነሱ እኮ» ብሎ ክፉ ሲናገር፣ ተቆጥተን ዝም ከማሰኘት ይልቅ «ከእነሱ ማንን ታውቃለህ?» ብለን እንጠይቀው። የሚያውቀው ካለም ወደ ቤት ያምጣውና አብረው ይብሉ።