ያቺ የረሳናት የመቀነስ ምልክት

ሰሞኑን በውስጥ መስመር አንድ ቪዲዮ ደረሰኝ። የላከልኝ የድሮ ተማሪዬ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ታሪኩን እንድጽፈው ግን ራሱ ፈቅዶልኛል።

ቪዲዮው 4 ደቂቃ ነው። ጠረጴዛ ላይ አንድ ሞተር አለ፤ ሞተሩ በቺንጋ ከመኪና ዲናሞ ጋር ታስሯል። ዲናሞው ባትሪ ይሞላል፣ ባትሪው በኢንቨርተር በኩል መልሶ ሞተሩን ያዞራል፣ «የተረፈው» ደግሞ ሁለት አምፖል ያበራል። «ያለ ነዳጅ፣ ያለ ፀሐይ፣ ያለ ቆጣሪ!» ይላል ከላይ የተጻፈው። ካሜራ ይዘው መጥተው የቀረጹትም አሉ። ኮመንቱ በሙሉ ጭብጨባ ነው።

ከእኔ የፈለገው አንድ ነገር ነው። «ቲቸር፣ ፊዚክስ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ ሁለት መስመር ምስክርነት ይጻፉልኝ» አለኝ። ለምን እንደሚፈልገው ስጠይቀው ደነገጥኩ። ለካ ዕቁብ ወጥቶለታል፤ ከአጎቱም ሊበደር ነው። ትልቁን ማሽን ሊሠራ!

ምስክርነቱን ትቼ ቅዳሜ ጠዋት መልቲሜትር ይዤ ሱቁ ሄድኩ።

መጀመሪያ ማሽኑን ልክ በቪዲዮው እንዳለው አስነሳነውና ቁጭ ብለን ጠበቅን። ቡና ተፈላ። የባትሪው ቮልት ቀስ እያለ ይወርዳል። 3 ሰዓት ገደማ ሲሆን አምፖሎቹ ደከሙ፣ ሞተሩም ቆመ። «ባትሪው አሮጌ ስለሆነ ነው» አለኝ። እሺ። ያንኑ ባትሪ በቻርጀር ሞላነውና በማግስቱ ቺንጋውን ፈታን። ሞተሩንም ዲናሞውንም አውጥተን ባትሪውን ከኢንቨርተሩና ከሁለቱ አምፖሎች ጋር ብቻ አገናኘነው። 6 ሰዓት አልፎም ይበራ ነበር።

ማሽኑ መብራት የሚሰጥ አልነበረም፤ መብራት የሚበላ ነበር። ቪዲዮው ላይ ያልታየው 4 ደቂቃ ብቻ ስለሆነ ነው። በ4 ደቂቃ ከባትሪው የሚወጣው ከመቶ ሁለት እጅ ቢሆን ነው፤ ማን ያስተውለዋል?

ልጁ ብዙ ዝም ካለ በኋላ እንዲህ አለኝ፦ «ቲቸር፣ ያኔ ክፍል ውስጥ ለምን እንዲህ አላሳዩንም?»

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለዚህች ጥያቄ መልስ ስላልነበረኝ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ላስታውሳችሁ። እ.ኤ.አ. በ1820 ኤርስትድ የተባለ ዴንማርካዊ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ሽቦ የኮምፓስን መርፌ እንደሚያንቀሳቅስ አየ። ኤሌክትሪክ ማግኔት ይሆናል ማለት ነው። በዓመቱ ማይክል ፋራዳይ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ሽቦ በማግኔት ዙሪያ እንዲዞር አደረገ፤ የሞተር መጀመሪያ ይህ ነው። በ1831 ደግሞ ተቃራኒውን አገኘ፦ ማግኔት በጥቅል ሽቦ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ሽቦው ላይ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። የጄኔሬተር መጀመሪያም ይኸው ነው። ስለዚህ ሞተርና ጄኔሬተር በመሠረቱ አንድ ዕቃ ናቸው። ኤሌክትሪክ ሰጥተህ ካዞርከው ሞተር፣ አንተ አዙረህ ኤሌክትሪክ ከተቀበልከው ጄኔሬተር። ሰፈራችን ሁለቱንም «ዲናሞ» ማለቱ ያን ያህል ስህተት አይደለም!

እስከዚህ ድረስ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። የምትረሱት ከፋራዳይ ቀመር ፊት ያለችውን የመቀነስ ምልክት ነው። ፈተና ላይ የረሳት ተማሪ ግማሽ ማርክ ይቀነስበት ነበር፤ በቃ፣ ዋጋዋ ያ ነበር። ዋጋዋ ግን የዚያን ልጅ ዕቁብ ያክላል።

ምልክቷ የምትለው ይህን ነው፦ የሚፈጠረው ኤሌክትሪክ የፈጠረውን እንቅስቃሴ ይቃወማል። ሌንዝ በ1834 ያስቀመጠው ሕግ ነው። በአማርኛ እንንገረው ካላችሁ፣ ከጄኔሬተር ኤሌክትሪክ መውሰድ በጀመርክ ቁጥር ማዞሪያው ይከብድሃል። ብዙ ከወሰድክ ብዙ ይከብዳል። በነፃ የሚሰጥህ ነገር የለም።

የድሮ ብስክሌት የነዳ ሰው ይህን እግሩ ያውቀዋል። ጎማው ላይ የምትለጠፈዋን ዲናሞ ያወረድክ ጊዜ መብራቷ ትበራለች፣ ፔዳሉ ግን ወዲያው ይከብዳል። መብራቷን ያበራው ጉልበትህ ነው፤ ጉልበትህ ደግሞ የበላኸው እንጀራ ነው።

እንጀራ ካልኩ አይቀር እንቁጠረው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይፈልጋል። ጤነኛ ሰው ፔዳል እየመታ ለረጅም ሰዓት ሊሰጥ የሚችለው ከ100 ዋት ብዙም አይዘልም። አንድ ምጣድ ለማጋል ከ30 በላይ ብስክሌተኛ ማሰለፍ ሊኖርብህ ነው። በውኃ እንሥራው ብትልም፣ 1,000 ሊትር ውኃ ከ100 ሜትር ከፍታ ወርዶ ያንን ምጣድ የሚያስኬደው ምንም ሳይባክን ለ5 ደቂቃ ያህል ነው። ሁለት እንጀራ! ለህዳሴ ግድብ ያን ሁሉ ውኃ ማጠራቀም ለምን እንዳስፈለገ አሁን ይገባችኋል። ማታ 1 ሰዓት ላይ ከተማው ሁሉ ምጣዱንና ምድጃውን ሲሰካ፣ ኤሌክትሪክ የሚሰጡት ጄኔሬተሮች ይከብዳሉ፤ ፍጥነታቸው እንዳይወርድ ተርባይኖቹ ላይ ተጨማሪ ውኃ መለቀቅ አለበት። ያቺ የመቀነስ ምልክት ጉባም ትሠራለች።

የኤሌክትሪክ መኪና የምትነዱ ወዳጆቼም በየቀኑ ታገኟታላችሁ። ከእንጦጦ ስትወርዱ እግራችሁን ከፔዳሉ ስታነሡ መኪናው ራሱን የሚይዘው ሞተሩ ጄኔሬተር ስለሆነ ነው። የባትሪው ፐርሰንትም ትንሽ ይጨምራል። «ታዲያ ጎማው ላይ ሌላ ዲናሞ ብናስርበት እየሄደ ራሱን አይሞላም ወይ?» የሚል ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደመጣልኝ! አይሞላም። ቁልቁለት ስትወርዱ የምታገኙት፣ ሽቅብ ስትወጡ ከከፈላችሁት ላይ የተረፈውን ነው። ሜዳ ላይ ሌላ ዲናሞ ካሰራችሁ ፍሬን ይዛችሁ እንደመንዳት ነው።

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ ልመለስ።

እኔ ይህንን ምዕራፍ ለዓመታት ያስተማርኩት በጠመኔ ነው። ቀመሩን ጻፍኩ፣ ቀስቶቹን ሳልኩ፣ «ቀኝ እጃችሁን እንዲህ አድርጉ» አልኩ። ባስተማርኩበት ትምህርት ቤት በእጅ የምትዞር ጄኔሬተር ነበረች። ካርቶን ውስጥ፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ ቁልፍ ውስጥ። እንዳትሰበር ተብሎ። እኔም ቁልፉን አጥብቄ አልጠየቅኩም፤ ምክንያቱም ማትሪክ ላይ የሚመጣው ስሌቱ ነው፣ የእጅ ክብደት አይመጣም። ተማሪዎቼ ቁጥሩን በትክክል እያወጡ አንድም ቀን ያ ማዞሪያ ሲከብድ ሳይሰማቸው ወጡ። አንዴ በእጁ የተሰማው ሰው በ4 ደቂቃ ቪዲዮ አይታለልም፤ ራሱንም አያታልልም።

ስለዚህ በዚህ ልጅ የምትስቁ ካላችሁ እባካችሁ ተዉ። አጭበርባሪ አይደለም። ጥቅል ሽቦውን በእጁ የጠቀለለ፣ ከወዳደቀ ዕቃ ኢንቨርተር የገጣጠመ ባለሙያ ነው። ፋራዳይም የአንጥረኛ ልጅ፣ መጽሐፍ ጠራዥ ቤት ያደገ ሰው ነበር፤ የረባ የሂሳብ ትምህርት አልነበረውም። ግን ይለካ ነበር፣ ያልሠራለትንም ሙከራ ሳይቀር ማስታወሻው ላይ ይጽፍ ነበር። ልጃችን የጎደለው ጭንቅላት አይደለም፤ ቁጭ ብሎ አብሮት የሚለካ ሰው ነው።

እኔ የምቀየመው የሚያጨበጭበውን ነው። ካሜራ ይዞ ሄዶ «ስንት ሰዓት ይሠራል? ባትሪውን ብናወጣውስ?» ብሎ ሳይጠይቅ «የፈጠራ ባለቤት» ብሎ የሚመለሰውን። ያ ጭብጨባ ማበረታቻ ይመስላል፤ ልጁን ግን ወደ ዕዳ ነው የሚገፋው። ማሽኑ ቀጥ ሲል ካሜራው የለም፣ ኮመንት የጻፈውም የለም። አጎትየው ግን አሉ።

እኛ መምህራንም እንወቀስ። አንድ ክፍለ ጊዜ ከስሌት ቀንሰን ቁልፉን እናስከፍት። ቁልፉ ከጠፋም ሰበብ የለንም። ከተበላሸ ፕሪንተር የወጣች ሞተር በየጥገና ቤቱ አለች። ዘንጓን በጣታችሁ አዙሯት፤ ትዞራለች። ከዚያ ከአንዱ ጥቅል የሚወጡትን ሁለት ሽቦዎች ጫፍ ለጫፍ አገናኙና እንደገና አዙሯት። ልዩነቱ ጣታችሁ ላይ ይነገራችኋል። ሌንዝ ማለት ያ ነው።

ይህ የቤት ሥራ ነው፤ የድሮ ተማሪዎቼ በተለይ! ልጆቻችሁን አስይዛችሁ ሞክሩትና ምን እንደተሰማችሁ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። ማርክ የለውም።

ልጁን ለምትጠይቁኝ፣ ዕቁቡን አልነካውም። አሁን ያቺን መልቲሜትር አውሶኝ ብሎ ወስዷታል። እስካሁን አልመለሳትም፤ እኔም አልጠየቅኩትም።

ቸር እንሰንብት።