ዶላር የማይመነዘርበት ገበያ ለምን የዶላርን ዕዳ ይከፍላል?



በመካነ ሰላም ገበያ ዶላር አይመነዘርም። በዙሪያው ያሉት የቦረና፣ የሳይንትና የለጋምቦ ደጋዎች የሚታወቁት በገብስ፣ በስንዴና በበግ ነው። ሆኖም መንግሥት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብርን ምንዛሪ ለገበያ ሲለቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዓመቱ ከ130 ብር አለፈ፤ ዕዳውም እዚህ ደጋ ድረስ ወጣ። ዘይቱ፣ የቆርቆሮው ብረት፣ የገበሬው ማዳበሪያ፣ ይህን ሁሉ ከደሴ በአቀስታ በኩል የሚያመጣው መኪና ናፍጣ በዶላር የሚሸመቱ ናቸውና። (በ2015 ዓ.ም. በክልላችን የተቀሰቀሰው ጦርነት በመንገዱ ላይ የጨመረው ወጪ ብቻውን ብዙ ስለሚያናግር እዚህ አንገባበትም።)

አገራችን ወደ ውጭ ከምትልከው ሸቀጥ ብዙውን ገቢ የምታገኘው ከቡናና ከወርቅ ነው። ዋጋቸው የሚቆረጠው ኒውዮርክና ለንደን ነው። በ1985 ዓ.ም. ዶላር ከ2.07 ወደ 5 ብር ሲወጣ፣ በ2002 ማብቂያና በ2010 ብር እንደገና ሲረክስ፣ የውጭ ሽያጫችን ይስፋፋል ተብሎ ነበር። ዛሬም ከጥሬ ዕቃ አልወጣንም።

የቀድሞው ተመን ይመለስ አንልም። ባንክ በ57፣ ጥቁር ገበያ በእጥፉ ሲመነዝሩ ተጠቃሚው ከባንክ ዶላር ማግኘት የቻለው ባለወዳጅ ነበር። ጥያቄያችን የለውጡን ዋጋ ማን ከፈለ የሚል ነው።

አንድ ማስረጃ እናቅርብ። አዋጅ ቁጥር 979/2008 ከወር ደመወዝ የመጀመሪያውን 600 ብር ከግብር ነፃ አድርጎ ነበር፤ በጊዜው ምንዛሪ 27 ዶላር ገደማ ነው። በ2017 ማብቂያ ገንዘቡ ወደ 2,000 ብር ከፍ ሲል ሠራተኛው እፎይ አለ ተባለ። በዚያ ሰሞን ምንዛሪ 15 ዶላር ገደማ ነው! በብር ከሦስት እጥፍ በላይ ያደገው፣ በዶላር ሲሰላ በግማሽ ገደማ ወርዷል፤ ዘይትና ናፍጣ ደግሞ ዶላሩን ተከትለው ነው የሚወጡት። ለመንግሥት ሠራተኛው ደመወዝ መጨመሩን አንክድም፤ ለሻይ ቤት አስተናጋጇ፣ ለልብስ ሰፊው፣ ለቀን ሠራተኛው ግን ማን ጨመረ?

በምክር ቤት ወንበር ብትሰጡን ከግብር ነፃ የሚሆነው ደመወዝ በየዓመቱ ከዋጋ ንረቱ ጋር አብሮ እንዲያድግ የሕግ ማሻሻያ እናቀርባለን። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝን በየጊዜው የሚከልስ የደመወዝ ቦርድ እንዲኖር ይደነግጋል፤ ቦርዱ ሥራውን ስለመሥራቱ ሚኒስትሩን በምክር ቤት ፊት እንጠይቃለን። የማዳበሪያ ድጎማም ገበሬው በጉን ሸጦ ከመክፈሉ በፊት፣ ከዘር ወቅት አስቀድሞ፣ መጠኑ በይፋ እንዲነገር እንታገላለን።