ከግድቡ እስከ ጉልቻው

ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ አቅሙም ከ5,000 ሜጋ ዋት በላይ ነው። ውኃው የዓባይ ነው፤ ከጮቄ ተራራ የሚወርዱ ወንዞችም ያዋጡበታል። በዚያው በጮቄ ግርጌ ግን ብዙ እናቶች ዛሬም እንጀራ የሚጋግሩት ሦስት ጉልቻ ላይ፣ በባሕር ዛፍ ቅጠልና በኩበት ጭስ ታፍነው ነው። የመብራት መስመር ቢደርስ እንኳ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፤ ይህን የሚችል የገጠር ትራንስፎርመር ስንት ነው?

መፍትሔው አዲስ አይደለም። ከ1980ዎቹ ጀምሮ የሚታወቀው «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ የጉልቻውን ማገዶ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። የምሥራቅ ጎጃም ዞን ምድጃውን በየቀበሌው ያዳርስ፤ መስመሩ እስኪደርስም ለጤና ጣቢያና ለትምህርት ቤት ግንባታ በጀት ሲይዝ የፀሐይ ኃይልን ከሕንፃው ጣሪያ ጋር አብሮ ይያዝ።