ፍትሐዊነት በቤተሰብ ጉባኤ

ግንቦት 25 ቀን 2017 ዓ.ም. ቢል ጌትስ እዚሁ አዲስ አበባ፣ አፍሪካ ኅብረት አዳራሽ ውስጥ ቆመው ትልቅ ዜና ነገሩን። ፋውንዴሽናቸው በሃያ ዓመት ከሚያወጣው 200 ቢሊዮን ዶላር አብዛኛው ለአፍሪካ ይሆናል፤ በ2045 (ከዚህ ወዲያ ያሉት ዓመቶች በፈረንጅ ናቸው) ድርጅቱ ሥራውን ጨርሶ ይዘጋል። እኛም ልናጨበጭብ እጃችንን ካነሳን በኋላ አንድ ጥያቄ መሐል ላይ ያዘን። ለመሆኑ ይኼን ሁሉ የሚወስነው ማነው?

«ምቀኞች» ልትሉን የተዘጋጃችሁ ትንሽ ቆዩን። ገንዘቡ ሕፃናትን ከሞት አድኗል፣ አንክድም። ፋውንዴሽኑ መነሻውን 750 ሚሊዮን ዶላር ቃል ገብቶ እንዲቋቋም የረዳው ጋቪ የተባለው የክትባት ኅብረት እኛም አገር ገብቷል። ታናናሾቻችን ጤና ጣቢያ ከወሰዱት ክትባት ውስጥ የዚህ ገንዘብ እጅ አለበት።

የኛ ነገር ሌላ ነው። የሰው ሁሉ ሕይወት እኩል ዋጋ አለው ብሎ የተነሳው ይህ ድርጅት ከ2006 እስከ 2021 ድረስ የነበሩት ባለአደራዎች ሦስት ብቻ ናቸው፤ ባል፣ ሚስት እና የቤተሰቡ ወዳጅ ዋረን በፌት። ሦስት ሰው! የሰፈራችን እድር እንኳ ለድንኳንና ለድስት ብሎ ዳኛ ይመርጣል፣ ጸሐፊ ይመርጣል፣ ገንዘብ ያዥ ይመርጣል። በስብሰባው ቀን ደግሞ አንዲት እናት ይነሱና «የወንበሩ ብር የት ገባ?» ይላሉ። (መልስ ሳያገኙ አይቀመጡም።) ጌትሶች በተፋቱ ማግስት፣ በ2022፣ ከቤተሰቡ ውጪ የሆኑ ባለአደራዎች ገቡ፤ ከነሱ አንዱ ዚምባብዌያዊው ባለሀብት ስትራይቭ ማሲዪዋ ናቸው። ደግ ነው። ግን እሳቸውንም ቢሆን ክትባቱን የወሰደው ሕዝብ አልመረጣቸውም።

«የራሳቸው ገንዘብ ነው፣ እናንተን ምን አገባችሁ?» የሚለን አይጠፋም። ሙሉ ለሙሉ የራሳቸው አይደለም። በአሜሪካ ሕግ ሀብታም ሰው ለገዛ ፋውንዴሽኑ ሲሰጥ ግብር ይቀነስለታል፤ መንግሥት ይሰበስበው የነበረ ገንዘብ ነው እዚያ የሚቀረው። ሕጉ በምላሹ የሚጠይቀው ፋውንዴሽኑ በየዓመቱ ከሀብቱ አምስት ከመቶ ያህሉን እንዲያወጣ ነው (ጌትስ ከዚህ በላይ ያወጣል፣ ይመስገን)። የቀረው ገበያ ላይ ሆኖ ይወልዳል። የት የት ሲወልድ እንደሚውል ሎስ አንጀለስ ታይምስ በ2007 ጽፎታል፤ ናይጄሪያ ውስጥ በፋውንዴሽኑ ገንዘብ የፖሊዮ ክትባት የሚሰጣቸው ሕፃናት፣ ያው ፋውንዴሽን አክሲዮን የገዛበት የነዳጅ ኩባንያ የሚያነደውን ጋዝ ጭስ ሲስቡ ያድሩ ነበር።

ወደ ራሳችን እንምጣ። ከመካከላችን አንዷ ከጋዜጠኝነት ትምህርት እንደወጣች ለአንድ ትንሽ የበጎ አድራጎት ድርጅት ፕሮፖዛል ትጽፍ ነበር። ገንዘቡ የሚመጣው ከሌላ የቤተሰብ ፋውንዴሽን ነው። ጉሊት የሚቸረችሩ ሴቶች ምን እንደሚፈልጉ ተጠየቁ፤ ሁሉም በአንድ አፍ «የልጆች ማቆያ» አሉ። የፈረንጁ ፎርም ላይ ግን ማቆያ የሚባል ሳጥን የለም። «ሴቶችን ማብቃት» የሚል አለ። እናም ለሦስት ቀን የበራስ መተማመን ሥልጠና ተሰጠ፤ ደብተርና የታሸገ ውሃ ታደለ። ሴቶቹ ልጆቻቸውን አዝለው ሠለጠኑ። ሪፖርቱ ላይ በራስ መተማመናቸው ማደጉ ተጻፈ። የጻፍነውም እኛው ነን፤ ደመወዛችንም ከዚያው ነበር።

ሌላ መንገድ የለም እንዳይባል ማኬንዚ ስኮት አለች። ከአማዞኑ መሥራች ከተፋታች ወዲህ እስከ 2024 መጨረሻ ከ19 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሰጥታለች፤ አብዛኛውን ተቀባዩ ለፈለገው እንዲያውለው ብላ ነው የሰጠችው። እርግጥ የሚሰጠውን የምትመርጠው እሷው ናት፣ ይኼም ያው የአንድ ሰው ፈቃድ ነው። ቢያንስ ግን ከሰጠች በኋላ የሰው እጅ ይዛ አትጽፍም።

ከቤተሰብ ፋውንዴሽኖች የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ፍትሐዊነት ብላችሁ ከሰጣችሁ፣ በፎርም ሳታስሩ ለዓመታት ስጡ። ሁለተኛ፣ ከባለአደራዎቹ መካከል ተቀባዮቹ ራሳቸው መርጠው የሚልኩት፣ ሲያስፈልግም የሚያወርዱት ሰው ይቀመጥ። ለእድር የማይከብድ ነገር ለ200 ቢሊዮን ዶላር ሊከብድ አይገባም።

የጌትስ ሃያ ዓመት መቁጠር ጀምሯል። የጉሊቶቹ ሴቶች ዛሬም ልጆቻቸውን አዝለው ነው የሚቸረችሩት። ማቆያው የሚፈልገው አንድ ክፍል ቤትና ሁለት ሞግዚት ነበር።