ድምፅን ስለ ማሰማት፤ በመስኮብኛና በእንግሊዝኛ

በሩቅ አገር የሚኖር ልጅ ደብዳቤ መላክ ሲያዘገይ በእኛ ዘንድ እናቱ «ልጄ ሆይ፥ እባክህ ድምፅህን አሰማኝ» ትለዋለች። የመስኮብ፥ ማለት የሩሲያ፥ እናት በዚህ ጊዜ የምትናገረው ቃል «ዳይ አ ሲቤ ዝናት» የሚል ነው፤ ቃል በቃል ሲፈታ «ስለ ራስህ ማወቅን ስጥ» ማለት ይሆናል። የመጨረሻው ቃል ለጆሮአችን የገዛ ቋንቋችንን «ዝና» ይመስላል፤ ነገር ግን ድምፃቸው ገጠመ እንጂ ዝምድና የላቸውም። ያው ቃል ስም ሆኖ ሲነገር ደግሞ መኳንንቱን ሁሉ በአንድነት ያመለክታል፤ እርሱ ለሌላ ሳምንት ይቆየን።

እንግዲህ ይህን ወደ እንግሊዝኛ የሚመልስ ሰው ንባቡን ብቻ ተከትሎ «ሜክ ዩርሰልፍ ኖውን» ብሎ ቢጽፍ፥ ሰዋስው አላፈረሰም፤ የእናቲቱን አሳብ ግን አበላሸ። እንግሊዞች እንዲህ የሚሉት ማንነቱ ያልታወቀ ሰው «እኔ እገሌ ነኝ» ብሎ ራሱን ሲገልጥ ነው። ምስክሩም እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1611 ዓ.ም. የታተመው የእንግሊዝ መጽሐፍ ቅዱስ ነው። ዮሴፍ በግብጽ ለወንድሞቹ የተገለጠበትን ታሪክ፥ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 45፥ በዚሁ ግሥ ጽፎታል። በ1876 ዓ.ም. ሙሉው የታተመው የመስኮብ መጽሐፍ ግን በዚያ ሥፍራ የእናቲቱን ቃል አልተጠቀመም፤ «ተከፈተላቸው» እንደ ማለት ያለ ሌላ ግሥ መርጧል። መምረጡም ተገቢ ነው። ዮሴፍ በወንድሞቹ ፊት ቆሞ ሳለ ማን እንደ ሆነ አላወቁትም፤ ደብዳቤ ያዘገየ ልጅ ግን ለእናቱ ማንነቱ አልጠፋትም፤ የጠፋት ደኅንነቱ ነው። ልጁ ያንን እንግሊዝኛ ቢያነብ እናቴ እንደ ባዕድ ቈጠረችኝ ብሎ ያዝናል። የሚገባው «ሌት ሚ ሂር ፍሮም ዩ»፥ ማለት «ከአንተ ዘንድ ልስማ» ነው። በዚህ ረገድ እንግሊዝ እንደ እኛ በጆሮ ይናገራል።

ነገር ግን መስኮቦች ይህንኑ አነጋገር ስለ አሮጌ ቍስልም ይናገሩታል። በወጣትነቱ በጦርነት የቈሰለ ሽማግሌ ብርድ በበረታ ቀን «ቍስሌ ስለ ራሱ ማወቅን ሰጠ» ይላል። እዚህ ላይ የእንግሊዝ ጆሮ አይረዳንም፤ «ሜድ ኢትሰልፍ ፌልት» ተብሎ መዳሰስንና መታመምን በሚናገር በሌላ ግሥ ይተረጐማል። የእኛ ቋንቋ ግን ለዚህ ሁለት ግሥ አያሻውም፤ የልጅ ድምፅም ይሰማል፥ ሕመምም ይሰማል። አማርኛ ተናጋሪ ተርጓሚ መጠንቀቅ ያለበት ስለዚህ ነው፤ ለእርሱ አንድ የሆነው ነገር በእንግሊዝኛ ሁለት መሆኑን በቀላሉ ይዘነጋዋልና።

ሦስተኛም አለ። «ዛያቪት አ ሲቤ» የሚለው የፊተኛው ጎረቤት ነው፤ «ስለ ራስ ማስታወቅ» ማለት ነው። ይህ የሚነገረው ሥራው ስሙን ስላስጠራለት ሰው ነው። ዶስቶየቭስኪ በ1846 ዓ.ም. «ድሆች ሰዎች» የሚለውን የመጀመሪያ ልብ ወለድ መጽሐፉን በ24 ዓመቱ ሲያሳትም ስለ ራሱ አስታወቀ ቢባል ደንበኛ መስኮብኛ ነው፤ እንግሊዝኛውም «ሜድ ሂዝ ኔም» ይላል። ይህን ከእናቲቱ ቃል ጋር የሚያደባልቅ ተርጓሚ፥ የልጅዋን ደኅንነት የናፈቀችውን ሴት ዝና የምትጠይቀው ያስመስላታል።